አንቷን ዳባዲና ዕረፍት የሌለው ቱምቢ

ቤት የሚሠራ ግንበኛ ሁሉ ሁለት ታማኝ መሣሪያዎች አሉት። አንደኛው ቱምቢ ሲሆን ሁለተኛው ውሃ ልክ ነው። ቱምቢ በክር ጫፍ የተንጠለጠለ ክብደት ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን ይነግራል። ውሃ ልክ ደግሞ በመስታወት ውስጥ በፈሳሽ ላይ የምትንሳፈፍ የአየር እንክብል ያለችበት መሣሪያ ነው፤ ወለሉ ሳያዘነብል መተኛቱን ያሳያል። ግንበኛው ክሩ ተወዛውዞ እስኪያርፍ ድረስ ጥቂት ይታገሣል፤ ካረፈ በኋላ ግን ቱምቢውን ከቶ አይጠራጠርም። የምንኖርበትና የምንማርበት ፎቅ ሁሉ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ግን፣ ቱምቢው አርፏል ሲባል በእውነት ያርፋልን ብሎ የጠየቀ፣ ለዚህም ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ብዙ ዘመን የደከመ አንድ ሰው ነበረ። ስሙ አንቷን ዳባዲ ይባላል። ይህ ሰው በአገራችን ታሪክ የሚታወቀው የብራና መጻሕፍትን በመሰብሰቡ፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በማዘጋጀቱና የኢትዮጵያን ተራራና ወንዝ በመለካቱ ነው። ስለ ውዝዋዜና ስለ ሞገድ በምንማርበት የፊዚክስ ክፍል ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም።

የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ በሆነው በዚህ መጽሔት የዚህን ሰው ሕይወት ለመጻፍ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። በዚያም ሰሞን በከተማችን በምድር ቤት ያለው ሰው ምንም ሳያውቅ፣ በላይኛው ፎቅ ያለው ግን የተንጠለጠለው መብራት ሲወዛወዝ አይቶ በድንጋጤ ወደ ደጅ ይወጣ ነበር። ስለምን አንዱ ተሰማው፣ ስለምን ለሌላው አልተሰማውም? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከዳባዲ የሕይወት ታሪክ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

አንቷን ዳባዲ በ1810 ጃንዋሪ 3 ቀን በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ በደቡብ ፈረንሳይ ከሚገኘው ከባስክ አገር የመጣ ሰው ሲሆን እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። በ1815 የተወለደው ታናሽ ወንድሙ አርኖ ኋላ የጉዞ ጓደኛው ሆኗል። ልጆቹ ገና ትንንሾች ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ አገር ተመለሰ፤ አንቷንም በዚያ ተምሮ አደገ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሩቅ አገር ለማየት ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን ማየት ብቻ ሳይሆን ያየውን በቁጥር መዝግቦ መመለስ እንደሚገባ የተረዳ ሰው ነበረ። ስለዚህ በወጣትነቱ የሥነ ፈለክን፣ የመሬት ልኬትንና የቋንቋን ትምህርት በትጋት አጠና፤ ሰውነቱንም ለረጅም ጉዞ አዘጋጀ።

በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የመሬትን ማግኔታዊ ኃይል ለመመርመር ወደ ብራዚል ላከው። በ1837 ኦሊንዳ በምትባለው ከተማ ሥራውን ሲሠራ፣ እጅግ ስስ በሆነ ውሃ ልክ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። መሣሪያውን ማንም ሳይነካው የአየሯ እንክብል ከቦታዋ ጥቂት በጥቂት ትንቀሳቀስ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይተወው ነበር። ዳባዲ ግን ነገሩን ጻፈው፤ በልቡም አኖረው።

በ1838 ሁለቱ ወንድማማቾች ከምፅዋ ተነሥተው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ወጡ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጐንደር ንጉሠ ነገሥቱ ስም ብቻ ይዘው ሲቀመጡ፣ ሥልጣኑ በደብረ ታቦር በራስ ዓሊ እጅ ነበረ፤ ትግሬንና ስሜንን ደጃዝማች ውቤ፣ ጐጃምን ደጃዝማች ጎሹ ይገዙ ነበር። አርኖ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጅቶ እንደ አገሩ ጭፍራ ከጦር ሠራዊቱ ጋር ዋለ። አንቷን ግን ከሊቃውንቱ ጋር መዋልን መረጠ። እንደ አገሩ ሰው ለብሶ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ መጻሕፍቱን እያስገለበጠና እየገዛ ተቀመጠ። በዚህም ዓይነት የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

ጐንደር በደረሰ ጊዜ ግን የያዛቸው መሣሪያዎች ለአሰበው ሥራ እንደማይበቁ ተረዳ። ስለዚህ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ የተሻሉ መሣሪያዎች ይዞ በ1840 እንደገና መጣ። መንገዱን እንደጀመረ የዓይን ሕመም ያዘው፤ ለመታከምም ወደ ኤደን ተሻግሮ ብዙ ጊዜ ባከነበት። በዓይኑ የሚተዳደር ለኪ ዓይኑን ሲታመም ምን ያህል እንደሚያዝን መገመት አያስቸግርም። ዳባዲ ግን ሥራውን አልተወም።

ሥራው ምን ነበር ቢባል፣ ኢትዮጵያን ከተራራ ወደ ተራራ እያዩ መለካት ነበር። ቴዎዶላይት በሚባለው የማዕዘን መለኪያ ከአንድ ከፍታ ላይ ሆኖ በዙሪያው የሚታዩትን ተራሮች አቅጣጫ ይመዘግባል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ተራራ ሄዶ የቀድሞውን ወደ ኋላ ያያል። ከሁለት ቦታ የታየ ተራራ ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ላይ ይገኛል። የቦታዎችንም ከፍታ ለማወቅ ውሃ በምን ያህል ሙቀት እንደሚፈላ ይመለከት ነበር፤ ቦታው ከፍ ባለ መጠን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና። በአዲስ አበባችን ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ተማሪዎች በላቦራቶሪ ቢሞክሩት ያዩታል። ዳባዲ በዚህ አኳኋን ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ከፋ ድረስ ከ800 በላይ የሚሆኑ ቦታዎችን ለካ። ልኬቱም ራዶ በሚባል ሒሳብ ዐዋቂ ረዳትነት ተሰልቶ ከ1860 እስከ 1873 በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በቴዎዶላይት ማዕዘን ለመለካት አስቀድሞ መሣሪያውን በውሃ ልክ ማስተካከል ያስፈልጋል። ውሃ ልኩ ከተሳሳተ ከፍታው ሁሉ ይሳሳታል። ዳባዲም በጐንደር ሳለ፣ በብራዚል ያየውን ያንኑ ነገር እንደገና አየ። መሣሪያው በጽኑ መሠረት ላይ ተቀምጦ ሳለ እንክብሏ ትንቀሳቀስ ነበር። ሁለት አገሮች፣ ሁለት አየሮች፣ በመካከላቸውም ታላቅ ውቅያኖስ አለ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የመሣሪያው ካልሆነ የሚንቀሳቀሰው መሬቱ ራሱ ሊሆን ይችላል የሚል አሳብ ሳይመጣበት አልቀረም።

በ1840ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ወጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1850 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሁለቱ ወንድማማቾች ታላቁን የወርቅ ሜዳልያ ሰጣቸው። አንቷን ግን በክብሩ ረክቶ አልተቀመጠም። በ1852 ኦዶ በሚባለው ቦታ ስለ ቱምቢ መስመር ጽናት ያደረገውን ምርመራ ለሊቃውንት አቀረበ። ከዚያም በፈረንሳይና በስፔን ድንበር አጠገብ፣ በሀንዳይ ከተማ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ አፋፍ ላይ አባዲያ የተባለውን ግንብና የከዋክብት መመልከቻ ሲያሠራ፣ ለዚሁ ጥያቄ ብቻ የሚያገለግል አንድ ልዩ መሣሪያ አቆመ።

የመሣሪያው አሠራር እንዲህ ነው። ከኮንክሪት የተሠራ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ እንደ ሾጣጣ ግንብ ያለ ነገር ነበር። ከአናቱ እስከ ግርጌው ወደ 10 ሜትር ይደርሳል። በግርጌው ጉድጓድ ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ በሳህን ተቀምጧል። በአናቱ ላይ እንደ መስቀል የተጠላለፉ ቀጫጭን ሽቦዎች በብርሃን ይታያሉ። የሽቦዎቹ መልክ ወደ ታች ወርዶ በባዜቃው ላይ እንደ መስታወት ተንጸባርቆ ወደ ላይ ይመለሳል። ተመልካቹም በማጉያ መነጽር ሆኖ ሽቦውንና ምስሉን ያስተያያል። ሁለቱ በአንድ ቦታ ከዋሉ ግንቡ ከባዜቃው ገጽ አንጻር ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ምስሉ ወደ አንድ ወገን ከሸሸ ግን አንድ ነገር ዘንብሏል ማለት ነው።

ስለምን ቱምቢ ሰቅሎ አልተመለከተም የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። መልሱ በራሳችን ክፍል ውስጥ አለ። በክር የተንጠለጠለ ክብደት ፔንዱለም ነው። አንድ ጊዜ ከነኩት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ የሚመላለስበትም ጊዜ የሚወሰነው በክሩ ርዝመትና በመሬት ስበት እንጂ በክብደቱ ማነስና መብዛት አይደለም። ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ ፔንዱለም ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ግማሹን ጊዜ፣ ማለት 1 ሰከንድ፣ ቢፈልጉ ክሩን በግማሽ ማሳጠር አይበቃም፤ ወደ ሩብ ሜትር ማሳጠር ያስፈልጋል። ክሩ 10 ሜትር ቢሆን ደግሞ ምልልሱ ከ6 ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ረጅም ክር ትንሽ ነፋስ ሁሉ ይነካዋል፤ ቶሎም አያርፍም። የረጋ ፈሳሽ ገጽ ግን ምንጊዜም ከቱምቢው መስመር ጋር ትክክለኛውን ማዕዘን፣ ማለት 90 ዲግሪን ይሠራል። ስለዚህ የባዜቃውን ገጽ ማየት ቱምቢውን ማየት ማለት ነው።

ዳባዲና ረዳቶቹ በዚህ መሣሪያ ዓመታት ሙሉ ተመለከቱ። የተገለጸላቸውም ነገር ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ ነው። አንደኛው በጣም ዝግ ያለ ነው። ግንቡ ከቀን ወደ ቀን፣ ከወራት ወደ ወራት ዘንበል ይላል፤ እንዲሁም ባሕሩ ሞልቶ ሲመጣና ጎድሎ ሲሄድ አብሮ የሚለዋወጥ ጥቂት ዝንባሌ በአብዛኛው ይታያል። ምክንያቱም ሞልቶ የመጣው ውሃ በክብደቱ የባሕሩን ዳርቻ ወደ ታች ይጫነዋል፤ በስበቱም ቱምቢውን ወደ ራሱ ይስበዋል። ጨረቃም ራሷ ቱምቢውን ትስባለች፤ ነገር ግን የጨረቃዋ ስበት የ10 ሜትርን ቱምቢ ከቦታው የሚያነቃንቀው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ እንኳ በማይሞላ መጠን ነው። ይህን የሚያህል ጥቃቅን ነገር ለማየት መነሣት በዚያ ዘመን ድፍረት ነበር።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ፈጣን ነው። አንዳንድ ቀን የሽቦዎቹ ምስል ይንቀጠቀጥና ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ዳባዲ በመጀመሪያ ይህ ከአፋፉ ሥር የሚሰበረው የውቅያኖሱ ሞገድ ነው ቢል የሚገባ ነበር። ይሁን እንጂ ባሕሩ ሲናወጥ ምስሉ ጸጥ ብሎ፣ ባሕሩ ጸጥ ሲል ምስሉ ሲንቀጠቀጥ የተገኘበት ጊዜ ነበር። ይህ እንቆቅልሽ በእርሱ ዘመን አልተፈታም። ዛሬ የምናውቀው እንዲህ ነው። በሩቅ ውቅያኖስ ላይ ከተቃራኒ አቅጣጫ የመጡ ሞገዶች ሲገናኙ በአንድ ቦታ ላይ እየተነሡና እየወደቁ ይቆማሉ፤ የቆመውም ሞገድ የባሕሩን ወለል በየጊዜው ይጫነዋል። በ1950 ሎንግየት ሂጊንዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እንዳስረዳው፣ ይህ ጫና የሚመላለሰው ከሞገዱ በእጥፍ በሚፈጥን ጊዜ ነው። ለምሳሌ ሞገዱ በ12 ሰከንድ ቢመላለስ የመሬቱ ንዝረት በ6 ሰከንድ ይመላለሳል። ንዝረቱ በዐለት ውስጥ አልፎ ሩቅ አገር ይደርሳል። ስለዚህ ዳባዲ በደጁ ያየው ባሕር ጸጥ ብሎ ሳለ ግንቡን ያንቀጠቀጠው ሌላ፣ እርሱ ያላየው ባሕር ሊሆን ይችላል።

እውነተኛ ምርመራ ብቻውን አይቀርም። በ1881 የቻርልስ ዳርዊን ልጆች ጆርጅና ሆራስ በካምብሪጅ የጨረቃን ስበት በፔንዱለም ለመለካት ሞከሩ፤ የዳባዲንም ሥራ በጽሑፋቸው አስታወሱ። እነርሱም ያገኙት መሬቱ ለአንድ አፍታ እንኳ የማያርፍ መሆኑን ነው። ከዚያም በ1889 ኤፕሪል 17 ቀን በጀርመን አገር በፖትስዳም የፎን ሬቦይር ፓሽቪትዝ መሣሪያ በጃፓን የሆነውን የመሬት መንቀጥቀጥ መዘገበ። ሰውዬው ይፈልግ የነበረው እንደ ዳባዲ የቱምቢን ዝንባሌ ነው፤ ያገኘው ግን ከሌላው የዓለም ዳርቻ በመሬት ውስጥ አልፎ የመጣን ሞገድ ነው። የዛሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ከዚያ ቀን ጀምሮ ታላቅ እርምጃ ተራመደ።

የሬቦይር ፓሽቪትዝ ፔንዱለም እንደ ግንበኛ ቱምቢ የተንጠለጠለ ሳይሆን እንደ በር የተገጠመ ነበር። ማጠፊያው ጥቂት ዘንበል ያለ በር ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ያላየ ሰው የለም። ማጠፊያው ቀጥ ወደ ማለት በቀረበ መጠን በሩ ይበልጥ በዝግታ ይመላለሳል፤ ትንሽ ዝንባሌም በሰፊው ያንቀሳቅሰዋል። በዚህ ዘዴ ትንሽ መሣሪያ የብዙ ሜትር ርዝመት ያለውን ፔንዱለም ሥራ ይሠራል። መሬት ወደ ላይና ወደ ታች የምትንቀሳቀሰውን ለመመዝገብ ደግሞ ክብደቱ በሞላ ላይ ይንጠለጠላል። ሞላ በሳቡት መጠን ወደ ቦታው ለመመለስ ይጎትታል፤ ስለዚህ እርሱም እንደ ፔንዱለም በተወሰነ ጊዜ ይመላለሳል። መሬት በድንገት ስትንቀሳቀስ ክብደቱ በቦታው መቅረት ይወድዳል፤ በክብደቱና በመሬቱ መካከል የሚገኘው ልዩነት ይመዘገባል። ሲስሞግራፍ የሚባለው መሣሪያ መሠረቱ ይኸው ነው።

ዳባዲ ሁልጊዜ የቀናው ሰው ነበር ብለን ብንጽፍ እውነትን እንበድላለን። በ1846 ከወንድሙ ጋር ወደ ግቤ ወንዝ ምንጭ ደርሶ የነጭ ዓባይን መነሻ አገኘሁ ብሎ የፈረንሳይን ባንዲራ ተከለ። ይህ አሳብ ስሕተት ነበር። ግቤ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል እንጂ ከዓባይ ጋር አይገናኝም። ተራሮቹን በትክክል የለካው ሰው ያላየውን የወንዝ መንገድ በአሳቡ ሲቀጥል ተሳሳተ፤ አሳቡንም ለብዙ ዓመታት ሲከራከርለት ኖረ። ከዚህ የምንማረው፣ ልክ የሆነ ቁጥር የያዘ ሰውም ቁጥሩ ከሚናገረው አልፎ ሲሄድ መንገድ ሊስት እንደሚችል ነው።

በሌላ ጊዜ ግን ውድቀቱን በድንጋይ ላይ አስቀርጾታል። በአባዲያ ግንብ ውስጥ ግድግዳዎቹን አልፎ ላ ሪውን ወደሚባለው ተራራ የሚያሳይ ቀዳዳ አሠርቶ ነበር። አሳቡም ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለማወቅ ነው። ሙከራው አልተሳካም። ዳባዲም ቀዳዳውን አስደፍኖ ነገሩን ከመሸሸግ ይልቅ፣ ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ የሚመሰክር ቃል በባስክ ቋንቋ አጻፈበት። ይህን ጽሕፈት የሚያይ ተማሪ ያልተሳካን ሙከራ ከደብተሩ ላይ ለመፋቅ እጁ ይሰንፋል።

ዳባዲ ኢትዮጵያን አልረሳም። ግንቡ በኢትዮጵያ ኑሮ ሥዕሎችና በአማርኛ ጽሕፈት የተጌጠ ነው። በምግብ ቤቱ ያሉት ወንበሮች እያንዳንዳቸው የአማርኛ ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ ፊደሎቹ ሲገጣጠሙ ከዚያ ማዕድ ዙሪያ ከሐዲ እንዳይገኝ የሚለምን ቃል ይወጣል። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1892 ፕሬዚዳንት ሆነ። በሞቱም ጊዜ ግንቡንና ርስቱን ለአካዳሚው ተወ፤ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ በ50 ዓመት ውስጥ እንዲዘጋጅ ግዴታ አኖረበት። በ1897 ማርች 19 ቀን በፓሪስ በ87 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአባዲያም ግንብ ጸሎት ቤት ሥር ተቀበረ። የከዋክብቱ ልኬት በዚያ እስከ 1975 ድረስ ሲካሄድ ቆይቷል።

ከእርሱ ሞት 60 ዓመት በኋላ በአገራችን ተመሳሳይ ሥራ ተጀመረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አባ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ መምህር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን መሠረቱ። በአራት ኪሎ የቆሙት ፔንዱለሞችና ሞላዎች የስምጥ ሸለቆን ትርታ መጠበቅ ጀመሩ። በ1961 በካራ ቆሬና በማጀቴ አካባቢ ብዙ ቤት ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜም ትምህርቱ ለሕዝብ የሚጠቅም መሆኑ በግልጽ ታየ። አባ ጉዌን በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳትመዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ጥያቄ እንምጣ። የምንኖርበት አደባባይ ሜክሲኮ የተባለው፣ የሜክሲኮ መንግሥት ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዙን ሳይቀበል በመቅረቱ ለወዳጅነቱ መታሰቢያ ነው። በዚያችም አገር ዋና ከተማ ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይ አለ። ያች ወዳጅ ከተማ በ1985 ሴፕቴምበር 19 ቀን በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች፤ ብዙ ሺሕ ሰዎችም ሞቱ። የመንቀጥቀጡ መነሻ ከከተማይቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። ይሁን እንጂ የከተማይቱ ብዙ ክፍል የተሠራው በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ ስለ ነበረ፣ ጭቃው በ2 ሰከንድ ምልልስ ተወዛወዘ። ይህም የአንድ ሜትር ፔንዱለም ምልልስ ነው። እጅግ የተጎዱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ነበሩ፤ የእነርሱም የራሳቸው ውዝዋዜ ለዚሁ ጊዜ የቀረበ ነበርና። በዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በትክክለኛው ሰዓት እየደጋገሙ ቢገፉት ትንሽ ግፊት እንኳ ወደ ላይ ይወስደዋል። ሕንፃዎቹም የደረሰባቸው እንደዚሁ ነው። አጫጭር ቤቶችና ከእነርሱ እጅግ የሚረዝሙት ሕንፃዎች ምልልሳቸው ከዚህ የተለየ ስለ ሆነ ብዙዎቹ ተረፉ።

እንግዲህ ፎቅ ማለት መሠረቱ በመሬት የተያዘ፣ ራሱ በአየር የሚመላለስ ፔንዱለም መሰል ነገር ነው። በግምት አንድ ፎቅ በተጨመረ ቁጥር የምልልሱ ጊዜ በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይረዝማል። ከአዋሽ ተነሥቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የመጣው ሞገድ ፈጣን ንዝረቱ በመንገድ ይደክማል፤ ዝግተኛው ግን ይቀራል። ዝግተኛውን ንዝረት የሚቀበለው ረጅሙ ሕንፃ ነው፤ በሕንፃውም ውስጥ እጅግ የሚወዛወዘው አናቱ ነው። በምድር ቤት ያለው ሰው ሳይሰማው፣ በላይ ያለው የደነገጠበት ምክንያት ይኸው ነው። መሐንዲሶች ከምርመራ በኋላ የመሬቱን ዓይነትና የሕንፃውን ምልልስ አስቀድመው ማስላት አለባቸው የምንለው ስለዚህ ነው። ሕንፃው ጥቂት መወዛወዙ ብቻውን የመጥፎ ሥራ ምልክት አይደለም፤ ምንም መታጠፍ የማይችል ግትር ነገር ይሰበራልና። የሚያሳስበው ሳይሰላና ሳይጠነቀቁ የተሠራው ነው።

በሜክሲኮ አካባቢ በየዓመቱ አዲስ ፎቅ ይነሣል። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው ፎቆቹን የሚነድፉ፣ ብረቱን የሚቆጥሩ፣ ቱምቢውን የሚይዙ እጆች ከእኛው መካከል ይገኛሉ። ለእነዚህ ወንድሞችና እኅቶች የዳባዲን ሕይወት በምሳሌነት እናቀርባለን። በብራዚልና በጐንደር የአንዲት ትንሽ እንክብልን እንቅስቃሴ ባይንቅ ኖሮ ዕድሜውን ሙሉ የመረመረውን ነገር ባላገኘ ነበር። ትልቅ ግንብ የሚጠበቀው ትንሽ ነገርን ባለመናቅ ነው፤ ይህንንም የሚማር ተማሪ ፊዚክስን ለፈተና ብቻ አይማርም።